ብሮንኮላይትስ እና በኔቡላይዘር የሚሰጥ የጨው ውሃ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ትንፋሽ ያጠረውን ሕፃን ታቅፎ ድንገተኛ ክፍል የሚደርስ ወላጅ የሚፈልገው ቶሎ አንድ ነገር እንዲደረግለት ነው። ልጁ ፊት ላይ ማስክ ሲደረግ፣ ፈሳሽ መድኃኒትን ወደ ጉም ለውጦ የሚያስተነፍሰው ማሽን (ኔቡላይዘር) ሲበራ፣ ልቡ ትንሽ ይረጋል። ሐኪሙ መርምሮ «ኔቡላይዘር አያስፈልገውም» ሲለው ግን ልጁ ችላ የተባለበት ይመስለዋል። ጭንቀቱ ይገባኛል። ሆኖም ብሮንኮላይትስ በሚባለው ሕመም ብዙ መድኃኒት መስጠት የተሻለ ሕክምና አይደለም።

ሕመሙ ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን፣ በተለይም አንድ ዓመት ያልሞላቸውን የሚይዝ የቫይረስ ኢንፌክሽን ነው። ዋነኛው አምጪ አር ኤስ ቪ የተባለው ቫይረስ ነው። የሳንባ ትንንሽ የአየር ቱቦዎች ግድግዳ ያብጣል፤ ውስጣቸው በአክታና በሞቱ ሴሎች ይደፈናል። ልጁ ያስላል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል።

«ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የጨው ውሃ በኔቡላይዘር ከሳበ አልጋ ከመያዝ ይድናል»

ይህ እምነት ከባዶ አልመጣም። በሕክምና የተለመደው የጨው ውሃ፣ ኖርማል ሳላይን፣ 0.9 በመቶ ጨው አለው። በብሮንኮላይትስ የተሞከረው ደግሞ 3 በመቶ ጨው ያለው ወፍራም ሳላይን ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፦ ጨው ውሃ ይስባል፤ ስለዚህ የቱቦው እብጠት ይቀንሳል፣ አክታውም ይቀጥናል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ትንንሽ ጥናቶችም ተስፋ ሰጥተው ነበር።

ትልልቆቹ ጥናቶች ሲመጡ ነገሩ ተለወጠ። ውጤቱ በ2017 የወጣ አንድ የፈረንሳይ ጥናት በ24 ድንገተኛ ክፍሎች 777 ሕፃናትን አካቷል። ግማሾቹ 3 በመቶውን፣ ግማሾቹ ኖርማል ሳላይኑን በኔቡላይዘር ሳቡ። ከመጀመሪያዎቹ 48.1 በመቶው፣ ከሁለተኞቹ 52.2 በመቶው ሆስፒታል ተኙ። በስታቲስቲክስ ሲመዘን ይህ ልዩነት ትርጉም ያለው አልሆነም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2014 መመሪያው ላይ ይህ ሕክምና በድንገተኛ ክፍል እንዳይሰጥ መክሯል። የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የእንግሊዙ ተቋም ናይስ በ2015 ጭራሽ ለብሮንኮላይትስ አትስጡት አለ። አልጋ ይዘው ለቆዩ ሕፃናት የአሜሪካው መመሪያ በሩን ሙሉ በሙሉ አልዘጋውም፤ የመኝታ ጊዜን በጥቂቱ ሊያሳጥር ይችላል የሚል ደካማ ማስረጃ ስላለ ነው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ግን ለጥቂት ሰዓት የመጣን ልጅ ዕጣ ይቀይራል ብዬ አላምንም።

«ባይጠቅምም አይጎዳም»

በዚያው የፈረንሳይ ጥናት ቀላል የጎንዮሽ ጉዳት የታየው 3 በመቶውን ከሳቡት በ8.9 በመቶው፣ ኖርማሉን ከሳቡት በ3.9 በመቶው ላይ ነው። በአብዛኛው ሳል መባባስ ነበር። ከባድ ጉዳት አልነበረም። ነገር ግን በደከመ ሕፃን ፊት ላይ ማስክ ይዞ ማስለቀስም ዋጋ አለው። ለትንፋሽና ለመጥባት የሚያስፈልገውን ጉልበት ይጨርስበታል።

«እንግዲያው የጨው ውሃ ለዚህ ሕመም ምንም አይሠራም»

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ ልናገር፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሚምታቱ። ሳንባ ውስጥ የሚሳበው ሌላ፣ አፍንጫ ውስጥ ጠብ የሚደረገው ሌላ ነው። ትንንሽ ሕፃናት በዋናነት የሚተነፍሱት በአፍንጫ ነው። አፍንጫው በንፍጥ ከተዘጋ መጥባትና መተንፈስ አብረው አይሄዱለትም። ጡቱን ይይዛል፣ ይለቃል፣ ያለቅሳል። ከመጥባቱ በፊት በየአፍንጫው ቀዳዳ ጥቂት ጠብታ ኖርማል ሳላይን አድርጎ፣ ንፍጡን ከፊት ከፊት በቀስታ መሳብ ብዙ ጊዜ ያሳርፈዋል። ቱቦን ወደ ውስጥ አርቆ እየደጋገሙ መሳብ ግን ውስጡን ያቆስላል፣ እብጠት ይጨምራል። ለጠብታው ከፋርማሲ የተገዛ ንጹሕ ሳላይን ይሁን፤ ቤት ውስጥ ጨው በግምት አትበጥብጡ።

«ደረቱ ሲር ሲር ካለ የአስም መድኃኒት ይሰጠው»

ድምፁ ይመሳሰላል፣ ምክንያቱ ይለያያል። በአስም የቱቦው ጡንቻ ይኮማተራል፤ ሳልቡታሞል ያንን ያላላል። በብሮንኮላይትስ ዋናው ችግር እብጠትና አክታ ስለሆነ መድኃኒቱ የሚያላላው ብዙም ነገር የለም። እብጠት የሚቀንሰው ስቴሮይድም እንደዚሁ በመደበኛነት አይመከርም። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም፤ የሚሰጠው የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ሲኖር ብቻ ነው።

«ሐኪሙ ዝም ብሎ አይቶ መለሰን»

ማየቱ ራሱ ሥራ ነው። ትንፋሹን ቆጥሯል፣ ደረቱ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ተመልክቷል፣ ኦክስጅኑን ለክቷል፣ ምን ያህል እንደጠባ ጠይቋል። የኦክስጅን መጠኑ ያለማቋረጥ ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ኦክስጅን ይሰጠዋል፤ 6 ሳምንት ላልሞላው ሕፃን የእንግሊዙ መመሪያ 92ን መነሻ ያደርጋል። መጥባት ካቃተው በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ወይም በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጠዋል። ለዚህ ሕመም የረባው ሕክምና ይኸው ነው።

«ቤት ከተመለስን በኋላ ባሰበት፤ ሕክምናው አልሠራም»

ብሮንኮላይትስ ብዙውን ጊዜ የሚከፋው ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። በ2ኛው ቀን የታየ ልጅ በማግስቱ ቢብስበት የተለመደ አካሄድ ነው። ለሐኪሙም «ሳሉ ከጀመረው ስንተኛ ቀኑ ነው» የሚለውን አስቀድማችሁ ንገሩት። ሳሉ ራሱ እስከ 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

ሳል ብቻውን አያስሮጥም። የሚያስሮጡት እነዚህ ናቸው፦ ትንፋሹ ለአፍታ ቆም ማለቱ፣ ከንፈሩ መጥቆሩ ወይም ሰማያዊ መሆኑ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ማቃሰቱ፣ ደረቱ በኃይል ወደ ውስጥ መሰርጎዱ፣ ከወትሮው ግማሽ ያህል እንኳ አለመጥባቱ፣ ለ12 ሰዓት ዳይፐሩ ደረቅ መሆኑ፣ ለመቀስቀስ ማስቸገሩ። ልጁ ያለጊዜው የተወለደ፣ 3 ወር ያልሞላው ወይም የልብ ሕመም ያለበት ከሆነ እነዚህን ምልክቶች ሳትጠብቁ ቀድማችሁ አሳዩት።