ስለ ረሃብ እና ስለ ኤስዲጂ ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች (እና እውነታው)

ኤስዲጂ ወይም ዘላቂ የልማት ግቦች የሚባሉት 193 የተመድ አባል ሀገራት እ.ኤ.አ. በ2015 የተስማሙባቸው እስከ 2030 የሚቆዩ 17 ግቦች ናቸው፣ ሁለተኛው ረሃብን ማጥፋት ነው። ስለዚ ግብ ሰው ሲያወራ የምሰማው ግን አብዛኛው ልክ አይደለም፣ እና ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም ምክንያቱም ችግሩን ያለቦታው ያየ ሰው መፍትሄውንም ያለቦታው ነው የሚፈልገው።

«ሰው የሚራበው እህል ስለሌለ ነው»

ይሄ ከሁሉም በላይ የተለመደው ነው። ዓለም በዓመት ወደ 2.8 ቢሊዮን ቶን እህል ያመርታል፣ ስንዴው በቆሎው ሩዙ ማሽላው ምናምን ተደምሮ ማለት ነው፣ ለ8 ቢሊዮን ህዝብ ቢካፈል ህጻኑም ሽማግሌውም ተቆጥሮ ለአንድ ሰው ሶስት ኩንታል ተኩል አካባቢ ይደርሳል። በርግጥ ብዙው ለከብት መኖ እና ለነዳጅ ነው የሚሄደው፣ ግን እሱም የሰው ውሳኔ ነው። እንደዛም ሆኖ በ2024 ወደ 673 ሚሊዮን ሰው ተርቧል።

ለኛ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ የ1965 እና 66ቱ የወሎ ረሃብ አለ (ይሄ ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ሌሎቹ ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በኋላ ኖቤል የተሸለመው ህንዳዊው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን ያንን ጊዜ አጥንቶ ያገኘው ነገር ብዙ ሰው ዛሬም ሲሰማው ይገርመዋል፣ ድርቁ ወሎን ክፉኛ መትቷል ግን የሀገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል አልወረደም፣ ሰው እያለቀ ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ብዙም አልተሰቀለም፣ እንዲያውም ከወሎ እህል እየወጣ ወደ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር። እንዴት ሊሆን ቻለ? ገበሬው ምርቱ ሲጠፋበት የጠፋበት የሚበላው ብቻ አይደለም፣ የሚሸጠውም ነው፣ ከብቱም ወይ ሞቷል ወይ በርካሽ ተሽጧል፣ ስለዚ ገበያ ላይ እህል ቢኖርም እሱ ገዢ ሆኖ መቅረብ አይችልም፣ ነጋዴ ደግሞ እህሉን የሚወስደው ገዢ ወዳለበት ነው። ዛሬም አዲስ አበባ ወፍጮ ቤቱ ጤፍ ሞልቶት እናት ዋጋ ጠይቃ በኪሎ የምትገዛው ወይ ትታ የምትሄደው በዚሁ ምክንያት ነው። ኤስዲጂ ላይ ድህነትን ማጥፋት አንደኛ ረሃብን ማጥፋት ሁለተኛ ሆነው ሲቀመጡ ሁለቱ ተነጣጥለው የሚሰሩ ስለሆኑ አይደለም።

ምርት መጨመር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ በጣም ያስፈልጋል፣ ግን ብቻውን አይበቃም።

«ሆድ ከሞላ የምግብ ዋስትና አለ»

የለም። እኔን በጣም የሚያሳስበኝም ይሄ ነው፣ ምክንያቱም አይታይም። በ2016 በተደረገው የስነ ህዝብ እና ጤና ጥናት በሀገር ደረጃ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ህጻናት 38 በመቶ ቀንጭረው ነበር፣ ከክልሎች ከፍተኛው ደግሞ አማራ ክልል ነው 46 በመቶ፣ ማለትም ጎጃምን የሚያህል የእህል አገር ያለበት ክልል። ጎተራው ሙሉ ነው፣ ልጁ ግን ለእድሜው አጭር ነው። እንጀራ በሽሮ ጥሩ ምግብ ነው ግን የአንድ ዓመት ህጻን እንቁላል፣ ወተት፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ ያስፈልገዋል፣ እነዚህ ደግሞ ብዙ ቤት ውስጥ ለገበያ ነው የሚወጡት። ሌላም አለ፣ ህጻን ከጾም ነጻ ነው፣ ቤተክርስቲያንም አታስገድደውም፣ ግን ቤቱ ሲጾም በዕቃውም በማብሰያውም ምክንያት የልጁም ወተትና እንቁላል አብሮ ይቀራል፣ እናቶች ይሄን ቢያውቁት ለልጃቸው ለየት ያለች ትንሽ ድስት ማስቀመጥ ከባድ አይደለም።

መቀንጨር በአብዛኛው ከእርግዝና ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላ ባለው ጊዜ ነው የሚፈጠረው፣ ከዛ በኋላ ማካካስ በጣም ከባድ ነው። መንግስት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው የሰቆጣ ቃልኪዳንም ከሁለት ዓመት በታች ያሉትን ያነጣጠረው ለዛ ነው። በዓለም ደረጃ በ2024 ጤናማ አመጋገብ መግዛት የማይችለው ሰው ወደ 2.6 ቢሊዮን ነው፣ ከተራበው ጋር ስታስተያዩት አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው።

«ይሄ የግብርና ሚኒስቴር ስራ ነው»

ንጹህ ውሃ የሌለው ልጅ ቢበላም ተቅማጥ ይዞት ይወጣል፣ ስለዚ ስለ ውሃና መጸዳጃ የሚያወራው ግብ 6 የምግብ ግብም ነው። መንገድም እንደዛው፣ ቲማቲም የሚያመርተው ገበሬ ገበያ እስኪደርስ ግማሹ ከበሰበሰበት ምኑን አመረተ ይባላል። ከሁሉም ግን የሴቶቹ ነገር፣ የተመድ የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ2011 ሴት ገበሬዎች እንደ ወንዶቹ ማዳበሪያ፣ ዘር፣ ብድር ቢያገኙ የማሳቸው ምርት ከ20 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል ብሎ ነበር። እኛ ጋ የባልና የሚስት ሁለቱም ስም የሰፈረበት የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠቱ ቀላል ነገር አይደለም፣ ግብርናም እኩልነትም ባንዴ ነው።

«ሴፍቲኔት ሰውን ያሰንፋል»

ይሄን የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ሴፍቲኔት ምን እንደሆነ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2005 ተጀምሮ እስከ 8 ሚሊዮን የሚደርስ ሰው ያቀፈ ፕሮግራም ነው፣ አብዛኛው ተጠቃሚ እርከን እየሰራ፣ ኩሬ እየቆፈረ፣ የገጠር መንገድ እየጠረገ ነው ጥሬ ብር ወይ እህል የሚያገኘው፣ ሳይሰራ የሚሰጠው መስራት ለማይችል ነው፣ ለአረጋዊ፣ ለታመመ፣ ለነፍሰጡር። ዋናው ቁምነገር ግን ክረምት ላይ ያምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ሳይደርስ ገበሬው በሬውን እንዳይሸጥ ማድረግ ነው፣ በሬውን የሸጠ ሰው በሚቀጥለው ዓመት በምን ያርሳል? የወሎው ታሪክ የጀመረው እኮ እንደዚ ነው። ችግር የለበትም ማለት አይደለም፣ ክፍያው ይዘገያል፣ ኑሮ ሲወደድ ደግሞ ብሩ የሚገዛው እህል እያነሰ ይሄዳል፣ ትችት ካለን እዚህ ላይ ይሁን።

«ምግብ የሚባክነው ሀብታም ሀገር ነው»

በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፣ 60 በመቶው ከመኖሪያ ቤት ነው፣ በቤት ደረጃ ደግሞ በሀብታምና በመካከለኛ ገቢ ሀገራት መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ይሄ ከሱቅ በኋላ ያለው ነው፣ እኛ ጋ ነቀዝ፣ ያለጊዜው የሚመጣ ዝናብ እና መጥፎ ጎተራ ደግሞ ገና ገበያ ሳይደርስ ይወስደዋል። አየር የማያስገባ ከረጢት ነቀዙን ያለ መድሃኒት ይገድለዋል፣ ገበሬው ምርት በገባበት ሳምንት በርካሽ ለመሸጥም አይገደድም።

«ተመድ ያስገደደን ነገር ነው»

አስገዳጅ አይደለም፣ ያላሳካ ሀገር አይቀጣም። ሀገራት በፈቃዳቸው ሪፖርት ያቀርባሉ፣ ኢትዮጵያም በ2017 እና በ2022 አቅርባለች።

«ወረቀት ነው፣ ምንም የተለወጠ ነገር የለም»

በ2000 ከኢትዮጵያ ህጻናት 58 በመቶው ቀንጭረው ነበር፣ በ2019 37 በመቶ። ይሄ በጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞች፣ በትምህርት፣ በውሃ፣ በመንገድ የመጣ ነው፣ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ከዛ በኋላ የሰሜኑ ጦርነት፣ በደቡብና በምስራቅ ቆላው በተከታታይ ዝናብ ያጣበት ድርቅ እና የኑሮ ውድነት መጡ፣ የዓለሙም መንገድ ቀና አይደለም፣ የተመድ ድርጅቶች በ2025 ባወጡት ሪፖርት በ2030 አሁንም 512 ሚሊዮን ሰው ይራባል ተብሎ ይገመታል፣ ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው አፍሪካ ውስጥ። በዚህ አካሄድ ግቡ በቀኑ አይደርስም፣ ዛሬ የተረገዘው ልጅ ግን ሁለት ዓመት የሚሞላው ከ2030 በፊትም ይሁን በኋላ መቀንጨር አለመቀንጨሩ የሚወሰነው አሁን እናቱ በምታገኘው ምግብና ውሃ ነው።