ጋኒሜድ ከሜርኩሪ ይበልጣል፤ ታዲያ ለምን ፕላኔት አልተባለም?

ግራ ቢያጋባ አይገርምም። የጁፒተር ጨረቃ የሆነው ጋኒሜድ ስፋቱ 5,268 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሜርኩሪ 4,879 ብቻ። ግን ነገሩ የመጠን አይደለም፤ ጥያቄው "ማንን ነው የሚዞረው?" ነው። ሜርኩሪ በቀጥታ ፀሐይን ይዞራል። ጋኒሜድ ግን በ7 ቀን ገደማ አንዴ ጁፒተርን ይዞራል፣ ጁፒተር ፀሐይን ሲዞር ደግሞ እናቱ ጀርባ ላይ እንደታዘለ ልጅ አብሮ ይሄዳል፤ መንገዱን የምትመርጠው እሷ ናት። (በክብደት ከሆነማ ሜርኩሪ ከእጥፍ በላይ ይመዝናል። ጋኒሜድ ግማሽ ያህሉ በረዶ ነው።)

ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 የጁፒተርን አራት ትልልቅ ጨረቃዎች ሲያይ መጀመሪያ ከዋክብት መስለውት ነበር። ጉዳዩ የገባው፣ በየሌሊቱ ቦታ እየቀያየሩ ከጁፒተር ግን አልላቀቅ ሲሉ ነው።