ደብረ ብርሃን ላይ የመጀመሪያ ታራንቱላ ለመያዝ ላሰባችሁ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ታራንቱላ፣ ያቺ ትልቋ ፀጉራም ሸረሪት፣ በቲክቶክ ምናምን ምክንያት እኛ ሰፈርም ወሬዋ ደርሷል። የሚጠይቁኝ ልጆች በዝተዋል፣ ጥያቄያቸው ግን ሁሌም «የትኛዋ ታምራለች» ነው። እኔ የምላቸው መጀመሪያ የምትኖርበትን ክፍል እዩ፣ ከዛ ለክፍሉ የምትሆነዋን ፈልጉ ነው፣ ምክንያቱም የኛ ብርድ፣ የኛ ፍሊት፣ የኛ ቤተሰብ ቪዲዮ ላይ ከምታዩት ሰውዬ ቤት ጋር አይገናኝም። ብዙ ጊዜ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ከነከሰችህ አለቀልህ»

በታራንቱላ መርዝ ሰው ሞተ ተብሎ በሕክምና የተረጋገጠ ነገር የለም። ግን ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ሁሉም ያው ናቸው» ማለትም ስህተት ነው፣ እንደውም ጀማሪን የሚጎዳው ይሄኛው ነው። ከአንድ ሺህ በላይ ዝርያ አለ፣ ለጀማሪ ትልቁ ልዩነት ከየት አህጉር ናት የሚለው ነው። የአሜሪካዎቹ፣ የሰሜኑም የደቡቡም፣ በአብዛኛው መርዛቸው ቀለል ይላል፣ ህመሙ ከንብ ንድፊያ ጋር የሚቀራረብ ነው (አለርጂ ያለበት ሰው ግን በየትኛዋም ቢሆን ይጠንቀቅ)። የአፍሪካና የእስያዎቹ ፈጣን ናቸው፣ ቶሎ ይቆጣሉ፣ መርዛቸውም ጠንከር ይላል፤ ፖሲሎቴሪያ የሚባሉት የህንድና የስሪላንካዎቹ ከነከሱ ለቀናት የሚቆይ ከባድ የጡንቻ መኮማተር ያመጣሉ። ቪዲዮ ላይ የምታዩዋት ብርቱካናማዋ የአፍሪካ ታራንቱላ በጣም ታምራለች፣ አልክድም፣ ግን ውሃ ልትቀይሩ ክዳኑን ከፈት ስታደርጉ እሷ ክንዳችሁ ላይ ደርሳለች። ለመጀመሪያ አትሆንም፣ በቃ።

ለመጀመሪያ የምትሆነው መሬት ላይ የምትኖር፣ ዘገምተኛ፣ የአሜሪካ ዝርያ ናት። ከርሊ ሄር የምትባለው የመካከለኛው አሜሪካዋ፣ ሬድ ኒ የምትባለው ጉልበቷ ቀላ ያለው የሜክሲኮዋ፣ እና ቺሊያን ሮዝ። ደብረ ብርሃን ላሉ ሰዎች እኔ ከሦስቱ ቺሊያን ሮዝን እመርጣለሁ፣ ደረቅና ሌሊቱ ቀዝቀዝ ከሚል አገር ስለሆነች ብርድን ከሌሎቹ በተሻለ ትችላለች። ሸዋ ሮቢት ላለ ሰው ከርሊ ሄር በደንብ ትሆነዋለች።

«ከዚሁ ከቆላው አንዷን ይዤ ብመጣስ?»

አይሆንም። አፍሪካ ውስጥ ያሉት ታራንቱላዎች አሁን ያልኳችሁ ፈጣኖቹና ቁጡዎቹ ናቸው፣ ደግሞ ከዱር የተያዘች ዕድሜዋ አይታወቅም፣ ጥገኛ ትላትል ይዛ ልትመጣ ትችላለች። ድንጋይ ስር ካገኛችኋት ድንጋዩን ቀስ ብላችሁ መልሱላት።

«ስለሚበርዳት አምፖል ይብራላት»

እዚህ ላይ ብዙ ማለት አለብኝ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ጠዋት ሜዳው ላይ ውርጭ ታያላችሁ። ስለዚህ ብርዱ እውነተኛ ችግር ነው፣ መፍትሄው ግን አምፖል አይደለም። ታራንቱላ ብርሃን ትሸሻለች፣ የአምፖል ሙቀት ደግሞ ውስጧን ያደርቃታል። ከስር የሚደረግ ማሞቂያም አይሆንም፣ ሲሞቃት በተፈጥሮዋ ወደ ታች ስለምትቆፍር ጭራሽ ወደ ሙቀቱ ትጠጋለች።

ቀን ቀን 20 ዲግሪና ከዛ ትንሽ ከፍ ያለ ሙቀት ለነዚህ ዝርያዎች ይበቃል፣ ሌሊት ቢቀንስም ችግር የለውም፣ ግን ቀኑንም ሌሊቱንም ከ15 በታች ከሆነ መብላት ታቆማለች፣ ሁሉ ነገሯ ይቀዘቅዛል። ርካሽ ቴርሞሜትር ግዙና ክፍላችሁን በታህሳስ ሌሊት ለኩት፣ ይሄ እንስሳዋ ከመምጣቷ በፊት የሚደረግ ነው። የምትኖርበትን ቦክስ ከመስኮትና ከሲሚንቶ ወለል አርቃችሁ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ፣ በውስጠኛው ግድግዳ በኩል አስቀምጡት። ማሞቂያ ካስፈለገ ክፍሉን ማሞቅ ይሻላል፣ ካልሆነም በጎን በኩል የሚደረግ፣ ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር መሆን አለበት። መብራት የጠፋ ሌሊት የመንዝ ባና ካላችሁ ቦክሱን ጠቅልሉት፣ የአየር ቀዳዳዎቹን ሳትሸፍኑ። ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ ማደር ግን ለእሷም ተብሎ ለማንም ተብሎ አይደረግም፣ ጭሱ ባይኖርም ጋዙ ሰው ይገድላል።

«ፍሊት ለትኋንና ለዝንብ ነው፣ እሷን አይነካም»

ይነካል፣ ይገድላልም። የነፍሳት መድኃኒት ሸረሪትን አይለይም። ብዙ ሰው ለቁንጫ ዱቄት ወለሉ ላይ ይበትናል፣ ለበረሮ ኖራ መሳይ ነገር ጥግ ጥጉን ያሰምራል፣ ይሄ ሁሉ በእጃችሁ ወይ በመጥረጊያው ቦክሱ ድረስ ይመጣል። ቆላ ላላችሁ ደግሞ፣ ሸዋ ሮቢትና አካባቢው የወባ አገር ስለሆነ የፀረ ወባ ኬሚካል ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ይረጫል፣ ርጭቱ መቅረት የለበትም፣ የሰው ነፍስ ይቀድማል፣ ግን ያ መድኃኒት ግድግዳው ላይ ለወራት እንዲሰራ ተብሎ የሚረጭ ስለሆነ በተረጨ ክፍል ውስጥ ታራንቱላ አትያዙ። ሌላ ያልተረጨ ክፍል ከሌላችሁ፣ እውነቴን ነው፣ ቢቀርባችሁ ይሻላል።

ምግቧም እንደዛው ነው። ገብስ ማሳ ዳር የተያዘ ፌንጣ መድኃኒት ነክቶት ሊሆን ይችላል፣ በ2012 እና 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ሲመጣ ምን ያህል ኬሚካል እንደተረጨ ታስታውሳላችሁ። ኩሽና ውስጥ የተገኘ በረሮም ያው ነው። የሚሻለው የምትበላቸውን ነፍሳት ራስን ችሎ ማርባት ነው፦ ክዳን ያለው ባልዲ፣ የእንቁላል ካርቶን፣ ፉርሽካና ካሮት፣ እዛ ውስጥ ተወልደው ያደጉትን ትሰጧታላችሁ። ትልቅ ለሆነች በሳምንት ወይ በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃታል። ቺሊያን ሮዝ ደግሞ ያለምንም በሽታ ለወራት አልበላም ልትል ትችላለች፣ ሆዷ ሞላ ያለ እስከሆነ ድረስ አትደንግጡ፣ ውሃ ብቻ በጠፍጣፋ ዕቃ ሁሌም ይኑራት።

«ሰፊና ረጅም ቤት ደስ ይላታል»

ቁመት ይገድላታል። መሬት የምትኖረዋ ሆዷ ስስ ነው፣ ከፍ ካለ ቦታ ከወደቀች ሊፈነዳ ይችላል። ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ያለው ርቀት እግሯ ተዘርግቶ ካለው ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ባይበልጥ ጥሩ ነው። አፈሩን ወፈር አድርጉት፣ መደበቂያ የተሰበረ ሸክላ ግማሹን ቅበሩላት። ከአናፂ ቤት የሚገኘው የጥድ ሰጋቱራ ግን ይቅር፣ ሽታውና ሙጫው ጥሩ አይደለም። እና ድር አድርታ ታጠምዳለች ብላችሁም አትጠብቁ፣ ድሯ ለመኝታዋና ለጉድጓዷ ነው፣ አደኗን ተደብቃ ጠብቃ ዘልላ ነው የምትይዘው።

«ተገልብጣለች፣ ሞታለች»

በዚህ ምክንያት በሕይወት ያለች ታራንቱላ አውጥቶ የጣለ ሰው ጥቂት አይደለም። በጀርባዋ ከተኛች ቆዳ ልትቀይር ነው። የሞተች እግሮቿን ወደ ሆዷ ስር ሰብስባ በደረቷ ነው የምትገኘው። አትንኳት፣ አታዙሯት፣ ውሃም አትርጩባት፣ ያልተበላ ነፍሳት ውስጥ ካለ ግን አውጡት፣ በዛን ሰዓት እሷን ራሷን ሊበላት ይችላል። ዕድል ቀንቷችሁ ካያችሁት የሚገርም ነገር ነው፦ እግሮቿን አንድ በአንድ ከአሮጌው ቆዳ ልክ ከጓንት እንደሚወጣ ጣት ትስባቸዋለች፣ አዲሱ የመርዝ ጥርሷ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ከዛ ቀይ ይሆናል፣ በቀናት ውስጥ ነው የሚጠቁረው። እስኪጠቁር ምግብ አይሰጣትም፣ ጥርሷ ገና ለስላሳ ነው። እግር የተቆረጠባትም ቆዳ ስትቀይር መልሳ ታበቅላለች።

«ስትለምደኝ እጄ ላይ ትሄዳለች»

አትለምድም። ጌታዋን አታውቅም፣ እጃችሁ ለእሷ የሚንቀሳቀስ መሬት ነው። ይሄ ቅር የሚላችሁ ከሆነ ድመት ያዙ። ቅድም ያላነሳሁት የአሜሪካዎቹ መከላከያም እዚህ ጋ ይመጣል፦ ብዙዎቹ ሲፈሩ በኋላ እግራቸው ከሆዳቸው ላይ ፀጉር እያራገፉ ይበትናሉ፣ ቆዳ ላይ ያሳክካል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው። ቦክሱን ነክታችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትሹ፣ ልጆች ያሉበት ቤት ክዳኑ የሚቆለፍ ይሁን።

«ሸረሪት ከሸናብሽ ፊትሽ ይበላሻል»

አክስቴ እስካሁን የምትለኝ ይሄንን ነው፣ «ኧረ ልጄ በማርያም ከቤት አውጪልኝ» እያለች። ውሃ እየቋጠረ በአንድ ጎን ብቻ የሚወጣውና የሚያቃጥለው፣ አልማዝ ባለጭራ የምንለው፣ ከልጅነት ጉድፍ የቀረ ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ሲነሳ የሚመጣ ነው፣ ከሸረሪት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ይሄን ለአክስቴ ደጋግሜ ነግሬያታለሁ፣ ቦክሱ ያለበት ክፍል ግን አሁንም አትገባም፣ እኔም አላስገድዳትም። አብሯችሁ የሚኖር ሰው የሚፈራ ከሆነ ሳትነግሩት አታምጡ።

«ትንሿ ርካሽ ናት፣ አብረን እናድጋለን»

ጥፍር የምታክል ግልገል በእርጥበትና በሙቀት ስህተት ቶሎ ትሞታለች፣ በኛ ብርድ ደግሞ ይብሳል። ለመጀመሪያ እግሯ ተዘርግቶ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር የሆነች፣ ሰው ቤት የተፈለፈለች ፈልጉ። ወንድ ከሆነ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ብዙም አይቆይም፣ ሴቷ ግን ከ20 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ወይ ሥራ ሌላ ከተማ ስታገኙ ማን ይይዝላችኋል የሚለውን አሁኑኑ ተነጋገሩ።

«ወንድሜ ከውጭ በሻንጣ ያመጣልኛል»

በሻንጣ ደብቆ ማምጣት ሕገወጥ ነው፣ ጉዞውም ይገድላታል። ሬድ ኒ ያለችበት ብራኪፔልማ የሚባለው ወገን በሙሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው በዓለም አቀፉ የሳይቴስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ድንበር አታልፍም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን የዝርያዋን ሙሉ ሳይንሳዊ ስም ጽፋችሁ ጠይቁ፣ «ሬድ ኒ» ብቻ ብትሉ አይበቃም፣ ሻጩም ያንን ስምና የተፈለፈለችበትን ቦታ በጽሑፍ ሊሰጣችሁ ካልፈለገ አትግዙት።