የከተማ ግብርና ድጋፍ በአዲስ አበባ፦ ከባሕር ዛፍ እስከ ሌማት ትሩፋት

የከተማ ግብርና በከተማ ክልል ውስጥ አትክልት ማልማትን፣ ዶሮና ከብት ማርባትን፣ ንብ ማነብንና የመሳሰሉትን ያጠቃልላል። አዲስ አበባ ውስጥ ሥራው የከተማዋን ያህል ዕድሜ አለው። መንግሥት በስሙ ጠርቶ መሥሪያ ቤትና በጀት የሰጠው ግን በቅርቡ ነው። ይህ ጽሑፍ ድጋፉ በየዘመኑ ምን ይመስል እንደነበር ያሰባስባል። ዓመቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ቀደምት ዘመን

መንግሥት ለከተማዋ አልሚ የሰጠው የመጀመሪያው ማበረታቻ ለጎመን አልነበረም። ለባሕር ዛፍ ነበር። በ1880ዎቹ የማገዶ እንጨት ተመናምኖ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም እናዛውር እስከመባል ተደርሶ ነበር። አፄ ምኒልክ የባሕር ዛፍ ችግኝ በርካሽ እንዲታደል አደረጉ። ዛፉ የተተከለበት መሬትም ከግብር ነፃ ሆነ። ሕዝቡ ተከለ፣ ከተማዋም እዚያው ቀረች። የግብር እፎይታ ዛሬ የተፈጠረ ዘዴ ያልሆነው ለዚህ ነው።

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወንዝ ዳር አትክልተኞች ከባለርስት መሬት እየተከራዩ ወይም ለእሱ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር።

የደርግ ዘመንና የአትክልት ማህበራት

ነገሩ የተለወጠው በ1967 ነው። የካቲት ላይ የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ። ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚፈቀደው ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ነበር። ዛሬ በኮንዶሚኒየም ዓይን ሲታይ 500 ካሬ ሰፊ ነው። በድሮዎቹ ሰፈሮች ጓሮ ውስጥ ጌሾ፣ ሐበሻ ጎመንና ሁለት ሦስት ዶሮ የማይጠፋውም ቦታው ስለነበረ ነው።

ለወንዝ ዳር ሰዎች የአዋጁ ትርጉም ከዚህ ይበልጣል። ባለርስቱ ሲሄድ መሬቱ ላይ የቀሩት ጎንበስ ብለው ሲያለሙት የኖሩት ናቸው። እነዚህ ሰዎች ተደራጁ። በጣም የሚታወቀው የመካኒሳ፣ ፉሪና ሳሪስ የአትክልት አምራቾች ኅብረት ሥራ ማህበር ነው። በ1970 የወጣው የኅብረት ሥራ ማህበራት አዋጅ ቁጥር 138 ደግሞ ለእንዲህ ያሉ ማህበራት ሕጋዊ ሰውነት የሚያገኙበትን መንገድ ከፈተ። በዚያ ዘመን ተደራጅቶ መገኘት ትልቅ ነገር ነበር። ማዳበሪያም፣ ምርጥ ዘርም፣ ብድርም ቅድሚያ የሚሰጠው ለማህበር ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ወንዙ በድንጋይ፣ በአፈርና አፈር በተሞላ ጆንያ ይገደባል። ውሃው በቦይ ይመራና ከመደብ መደብ እየተከፈተ እየተዘጋ ይለቀቃል። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይፈራረቃሉ። ነጋዴው ይመጣል፣ መደቡን በዓይኑ ይገምታል፣ ይከራከራል፣ ከዚያ ገና ያልተነቀለውን ይገዛል። ምርቱ ሌሊት ተጭኖ ፒያሳ አትክልት ተራ ይገባ ነበር። ለረጅም ዓመታት በከተማዋ ማዕድ ላይ የቀረበው ቅጠላ ቅጠል ጥሩ ክፍል የእነዚህ ሰዎች እጅ ውጤት ነው። ይህን የሚያህል ውለታ ያለው ዘርፍ በከተማ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ቦታ አለማግኘቱ ይገርማል።

አንድ ችግር ግን ከመጀመሪያው ነበር። የከተማው ፕላን ሠሪዎች እርሻን የገጠር ሥራ አድርገው ያዩ ነበር። ግብርና ሚኒስቴር ደግሞ ከተማን የእሱ ክልል አድርጎ አያይም። አትክልተኛው በሁለቱ መሃል ቀረ። በ1982 የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የገጠር አምራች ማህበራት በብዛት ፈረሱ። የአዲስ አበባዎቹ አትክልተኞች ግን ስማቸውን ይዘው ቆዩ። በኋላ አዋጅ ቁጥር 147/1991 ለኅብረት ሥራ ማህበራት አዲስ መሠረት ሰጠ።

ጥቃቅንና አነስተኛ

በ2003 የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ የከተማ ግብርናን ከማኑፋክቸሪንግ፣ ከኮንስትራክሽን፣ ከንግድና ከአገልግሎት ጋር አምስተኛ ዘርፍ አድርጎ ዘረዘረው። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ አይደለም። አምስት ሆነው የተደራጁ ወጣቶች ዶሮ እናርባ ብለው ወረዳ ሲሄዱ ሼድና ብድር መጠየቅ የቻሉት ዘርፉ ወረቀት ላይ ስለገባ ነው። በ2009 ደግሞ የ10 ቢሊዮን ብሩ የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተጨመረ።

ሴፍቲኔት

ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ምዕራፍ ይህ ነው። ድሃ የከተማ ነዋሪዎችን የሚደግፈው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 በ11 ከተሞች ጀመረ። ወጪው 450 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ፣ ቀሪው 150 ሚሊዮን ከመንግሥት ነው። የታቀደው 604,000 ተጠቃሚ ነበር፤ አብዛኛው አዲስ አበባ ውስጥ። 84 በመቶው ሠርቶ የሚከፈለው፣ 16 በመቶው ደግሞ መሥራት የማይችል አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛና የመሳሰለው ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኝ ነው።

ሰው ፕሮግራሙን የሚያውቀው ጠዋት መንገድ በሚጠርጉት እናቶች ነው። የሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ግን ጽዳት ብቻ ሳይሆን አረንጓዴ ልማት፣ ተፋሰስና የከተማ ግብርናም አለ። በዚያ ዙር ተጠቃሚው ከሚከፈለው ላይ ይቆጥብ ነበር። ሦስት ዓመት ሲሞላው 500 ዶላር የሚያህል የመቋቋሚያ ገንዘብ ይዞ ይመረቅ ነበር። በዚህ ገንዘብ ዶሮ የገዛም፣ በግ ያሞከተም፣ ጉልት የጀመረም አለ። በ2013 የጸደቀው ቀጣዩ ፕሮግራም ከዓለም ባንክ 400 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ወደ ተጨማሪ ከተሞች ገባ።

በከተማ አስተዳደሩ በኩል የአርሶ አደርና ከተማ ግብርና ልማት ኮሚሽን ተቋቋመ። ስሙ ራሱ ታሪክ ይናገራል። ከተማዋ ስትሰፋ ከመሬታቸው የተነሱ አርሶ አደሮችን መልሶ የማቋቋም ሥራና ጓሮው ላይ ቆስጣ የሚያለማውን ነዋሪ የመደገፍ ሥራ አንድ ቤት ገቡ።

ከኮሮና ወዲህ

በ2012 ኮሮና ሲመጣ አትክልት ተራ ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። በየጓሮው አልሙ የሚለው ጥሪ የተጠናከረው በዚያው ሰሞን ነው። በ2015 ደግሞ አርባ ምንጭ ላይ ሌማት ትሩፋት ተጀመረ። የአራት ዓመት መርሐ ግብር ሲሆን ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ማርና ዓሣ ላይ ያተኩራል።

በከተማ ውስጥ ድጋፉ በተግባር የሚታየው በጫጩት፣ በዘር፣ በሥልጠናና በባለሙያ ምክር ነው። ብዙውን ጊዜ የሚታደለው የ45 ቀን ጫጩት ነው፤ ዋና ዋና ክትባቶቹን የወሰደ፣ ብርዱን የሚችል። ሚዛኑን የሚያዛባው መኖ ነው። መንግሥት ጫጩቱን ይደግፋል፣ መኖውን ገበያ ይወስነዋል። ብዙ ማህበራት የወደቁት በበሽታ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ለምርቱ ግን የእሁድ ገበያ ጥሩ በር ከፍቷል። አምራቹ ያለ ደላላ ይሸጣል።

በሪፖርት የሚቀርበው የተሳታፊ አባወራ ብዛት በየዓመቱ ያድጋል። አንድ ጊዜ ችግኝ የወሰደና ዓመቱን ሙሉ የሚያለማ በአንድ ዓምድ ሲቆጠሩ ቁጥሩን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል።

ወንዙና መሬቱ

ሁለት ጉዳዮች እስካሁን ያከራክራሉ። አንደኛው ውሃው ነው። በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ በሚለማ ቅጠላ ቅጠል ላይ የተሠሩ ጥናቶች ከባድ ብረታ ብረት አግኝተዋል፤ አንዳንዱ ናሙና ከሚፈቀደው በላይ ነው። አምራቾቹ በበኩላቸው ወንዙን የበከለው ፋብሪካና ፍሳሽ እንጂ እኛ አይደለንም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በ2011 የተጀመረው የ56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ልማት፣ 29 ቢሊዮን ብር የተገመተለት፣ ወንዙን አጽድቶ ዳርቻውን መናፈሻ ለማድረግ የታቀደ ነው። መናፈሻ ሲመጣ ግን የቆስጣ መደብ ይነሳል።

ሁለተኛው መሬት ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ለከተማ ግብርና 15 ዓመት ነው። ያም ሊዝ ላገኘ ነው። አብዛኛው ማህበር የሚሠራው ፕላኑ ለሌላ ነገር በያዘው ክፍት ቦታ ላይ፣ በጊዜያዊ ፈቃድ ነው። አቮካዶ ተክሎ ፍሬ ለመጠበቅ በዚህ ሁኔታ የሚደፍር ጥቂት ነው።

የወረዳ ባለሙያዎች በሥልጠና ላይ ጆንያ፣ አሮጌ ጎማና የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን የሚያሳዩት በጠባብ ቦታ ብዙ ስለሚያበቅሉ ነው። ጆንያው አፈር፣ ፍግና አሸዋ ይሞላል፤ መሃሉ ላይ ውሃ የሚያሰርግ ጠጠር ይደረጋል፤ ጎን ለጎኑ ይበሳና ቆስጣው በየቀዳዳው ይተከላል። አልሚዎች ሌላም ጥቅም አግኝተውበታል። ቦታው ይፈለጋል ተብሎ ደብዳቤ ሲመጣ ጆንያው ጋሪ ላይ ይጫናል።