ድፍድፍ ምንድን ነው? የሰርግ መጠጥ ሂሳብ ከጋኑ ሲጀምር

ዜና ላይ «የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ጨመረ» ሲባል እንሰማለን። ገና ያልተጣራ ነዳጅ ማለት ነው። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው ግን ድፍድፍ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው የጓዳው ጋን ነው። ድፍድፍ ውሃ ተጨምሮበት ጠላ ከመሆኑ በፊት ጋን ውስጥ የሚብላላው ወፍራሙ ነገር ነው። ሰርግ ያለበት ቤት የመጠጥ ሂሳቡን ከዚህ ቢጀምር ብዙ ጭንቀት ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

አሠራሩ በየአካባቢው ይለያያል፤ ዋናው መንገድ ግን ይሄ ነው። ጋኑ በግራዋ ታሽቶ ይታጠባል፣ ከዚያ በወይራ ይታጠናል። የጌሾ ቅጠል ተወቅጦ በውሃ ይጠነሰሳል። ጥንስሱ ጥቂት ቀን ካደረ በኋላ ብቅል፣ እንኩሮ እና የጌሾ እንጨት ይገባበታል። እንኩሮ የሚባለው በውሃ ተለውሶ ምጣድ ላይ እስኪጠቁር የተቆላ ዱቄት ነው፤ የጠላው መልክና ሽታ በአብዛኛው ከእሱ ይመጣል። ይሄ ሁሉ ሲደባለቅ ድፍድፍ ይሆናል። አፉ ተመርጎ ይቀመጣል። ደጋ ላይ ብርዱ ያዘገየዋል፣ ቆላ ላይ ሙቀቱ ያፈጥነዋል። ስለዚህ የደብረ ብርሃን ጠማቂ እና የመተማ ጠማቂ ቀኑን እኩል አይቆጥሩም።

ሲደርስ በውሃ ይበጠበጣል፣ ያድራል፣ አተላው ወደ ታች ዘቅጦ ይጠላል። ሳይጠል ከተጠጣ ጉሽ ነው። አተላው ላይ እንደገና ውሃ ሲጨመር ቅራሪ ይወጣል፤ ቀለል ያለ፣ የሥራ ቀን መጠጥ። ውሃው ሲቀንስ ጠላው ይበረታል። ይሄን የምትለካው ጠማቂዋ ናት፣ መለኪያዋም ምላሷ ነው።

ታዲያ ይሄ ከበጀት ጋር ምን አገናኘው? ድፍድፍ መጠባበቂያ ነው። የተበጠበጠ ጠላ በጥቂት ቀን ይኮመጥጣል። ተመርጎ የተቀመጠ ድፍድፍ ግን ይቆያል፤ የሚፈለገው ያህል ብቻ እየተወሰደ ይበጠበጣል። መጠኑን ከወር በፊት ሳይሆን እንግዳው ሲታወቅ ትወስናላችሁ።

በቁጥር እንየው። 300 ሰው ጠርታችሁ ግማሹ ጠላ ይጠጣል እንበል። 150 ሰው ሁለት ሁለት ግማሽ ሊትር ቢጠጣ 150 ሊትር ነው። ሦስት ሦስት ከጠጣ 225 ሊትር ይሆናል። የ75 ሊትር ልዩነት አለ ማለት ነው፣ ሰርጉ እስኪደርስ ደግሞ የትኛው እንደሚሆን ማንም አያውቅም። ያንን ልዩነት በድፍድፍ ያዙት። ካልተፈለገ ጋኑን አትነኩትም።

ቢራ ላይ ያለው ጥያቄ ያው ነው። የቀሩት 150 ሰዎች ሁለት ሁለት ጠርሙስ ከጠጡ 300 ጠርሙስ፣ በባለ 24 ሳጥን 13 ሳጥን ነው። ሦስት ሦስት ከሆነ 19 ሳጥን። ስድስቱ ሳጥን የቢራው ድፍድፍ ናቸው፤ የሚሠራው ግን አከፋፋዩ ያልተከፈተ ሳጥን መልሶ የሚቀበል ከሆነ ብቻ ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁት። ባዶ ጠርሙስ የሚቆጥርም አንድ ሰው መድቡ፣ የጎደለውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። አዳራሽ ከሆነ ደግሞ ከውጭ ለሚገባ መጠጥ ስንት እንደሚያስከፍሉ፣ ጠላም ማስገባት ይቻል እንደሆነ በውሉ ላይ ይጻፍ።

አልኮል የሌለውን መጠጥም አትርሱ። ብርዝ አለ፣ ቀሪቦ አለ፣ ለስላሳና ውሃ አለ። የማይጠጣ እንግዳ ጥሩ ነገር ሲቀርብለት እንደተከበረ ይሰማዋል። ውሃ ሲጎድል ደግሞ ድግሱ ሁሉ ይጎድላል።

አንድ የዘመድ ሰርግ ላይ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጥር ላይ ነበር። ዋዜማው ላይ «ያልቅብናል» የሚል ፍርሃት ቤቱን ያዘውና ያለው ድፍድፍ በሙሉ ተበጠበጠ። ሰርጉ ቀን ሰው አብዝቶ የጠጣው ቢራ ሆነ። የመልሱ ድግስ ከአራት ቀን በኋላ ነበር፣ ጠላው እስከዚያ ኮመጠጠ። ሴቶቹ ብዙ ቀን የደከሙበት፣ ጭሱ ዓይናቸውን ያቃጠለበት ሥራ ወደ አተላ ሄደ። ለመልሱ እንደገና ቢራ ተገዛ፣ በብድር።

ስለዚህ በጀቱ ላይ ከገብሱ፣ ከጌሾው እና ከማገዶው ቀጥሎ የጠማቂዋን ዋጋ ጻፉ። ዘመድ ብትሆንም ጻፉ። ቀኑን ከእሷ ጋር ቆጥራችሁ ጀምሩ፣ በጥብጡ የምትለውም እሷ ትሁን። አንዱን ጋን ለይታችሁ «የመልስ» ብላችሁ መርጋችሁ አስቀምጡት። ሰርጉ ቀን ማንም ቢጠይቅ አይከፈት።