የአየር ንብረት ዳታን ከድረ ገጽ ማውጣት፦ ኢትዮጵያ ላይ ለሚሠራ ሰው

የአንድን ወረዳ የ30 ዓመት ዝናብ ዛሬ ከወንበር ሳይነሱ ማግኘት ይቻላል። ጣጣው የሚመጣው ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ነው፤ በመሣሪያ የተለካው፣ በሳተላይት የተገመተውና ስለ መጪው ዘመን የተሰላው ሁሉ በአንድ ዓይነት ሰንጠረዥ ይቀርባልና።

ለዝናብ ብዙዎች የሚይዙት ቺርፕስ (CHIRPS) የተባለውን የዝናብ ዳታ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ የሳተላይት ግምትን ከመሬት ጣቢያዎች ልኬት ጋር አዋሕዶ ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለውን 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ካሬዎች ይሰጣል። -9999 የሚል ቁጥር «ዳታ የለም» ማለት ነው። ሳይወጣ ከተደመረ አማካዩ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ከዜሮ በታች የሚዘንብ አገር ደግሞ የለም።

ለሙቀትና ለነፋስ ኢአርኤ5 (ERA5) አለ፤ ይህ ያለፉ ልኬቶችን ከኮምፒውተር ሞዴል ጋር አዋሕዶ ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሰዓቱ የተሰላ ዳታ ነው፤ የሚገኘው በአውሮፓው ኮፐርኒከስ የአየር ንብረት ዳታ ማከማቻ ነው። መጀመሪያ አካውንት ተከፍቶ የአጠቃቀም ፈቃዱ ይጸድቃል፤ ይህ ከተዘለለ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል። ከዚያ የመረጃው ዓይነት፣ ዓመቱና ወሩ ተመርጦ የቦታው ወሰን ይገባል። ለመላው ኢትዮጵያ ሰሜን 15፣ ምዕራብ 33፣ ደቡብ 3፣ ምሥራቅ 48 ዲግሪ ይበቃል። ወሰን ያልሰጠ ሰው የዓለሙን ሁሉ ያወርዳል፤ ለኛ ኢንተርኔት ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ፋይሉ ግሪብ ወይም ኔትሲዲኤፍ በሚባል ቅርጸት ስለሆነ በኤክሴል አይከፈትም፤ እንደ ፓይተን፣ አር ወይም ኪውጂአይኤስ ያለ የኮምፒውተር መሣሪያ ይፈልጋል። ሙቀቱ በኬልቪን ስለሆነ 273.15 ይቀነስለታል። ዝናቡ በሜትር ስለሆነ በ1000 ይባዛል፤ የወር አማካይ ፋይል ከሆነ የያዘው የአንድ ቀን አማካይ ነውና በወሩ ቀናት ብዛትም መባዛት አለበት። ሰዓቱ የግሪንዊች ነው፤ 3 ሰዓት ካልተጨመረ የአንዱ ቀን ዝናብ ለሌላው ይቆጠራል።

ትልቁ ወጥመድ ግን መልክዓ ምድሩ ነው። የኢአርኤ5 ካሬ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የዓባይን በረሃና ከላዩ ያለውን ደጋ አንድ አድርጎ ሊይዝ ይችላል። ሙቀት በ1000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ የካሬው አማካይ ከፍታ ከጣቢያው ከፍታ በ800 ሜትር ቢለይ ስህተቱ 5 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የጣቢያ መዝገብ ጋር ሳያመሳክሩ ለወረዳ ዕቅድ ማዋል አይገባም።

ለመጪው ዘመን የዓለም ባንክ የአየር ንብረት ለውጥ የእውቀት ፖርታል ይቀላል፦ አገር፣ የልቀት መንገድ፣ ማለትም ወደፊት የሚለቀቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ መጠን ግምት (ለምሳሌ መካከለኛው ኤስኤስፒ2-4.5)፣ እና ዘመን ይመረጣል። ውጤቱ እንደ ዕለት ትንበያ አይነበብም፤ የ2040–2059 አማካይ ከ1995–2014 አማካይ ምን ያህል እንደሚለይ ነው የሚያሳየው። ስሌቱን የሚሠሩት የአየር ንብረት ሞዴሎች ብዙ ስለሆኑ አንዱን ብቻ መያዝ ያሳስታል፤ የብዙዎቹ መካከለኛ ዋጋ፣ በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል ካለው ልዩነት ጋር ይወሰድ። በዝናብ ላይ ጥንቃቄው ይብሳል፦ ብዙ ሞዴሎች የምሥራቅ አፍሪካ የመጋቢት–ግንቦት ዝናብ ይጨምራል ቢሉም፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ በነበሩት ሁለት አሥርት ዓመታት የተለካው ግን መቀነሱን ነው።

የወር ስምም ያደናግራል። የፖርታሉ ጁን የሚጀምረው ግንቦት 24 ነው፤ «ሰኔ» ብሎ ከገበሬው መዝገብ ጋር በቀጥታ ያነጻጸረ ሰው አንድ ሳምንት ይስታል።