የሕዝብ መንገድ፣ የሰው መሬት

በእንግሊዝ ገጠር የግል እርሻን መሃል ለመሃል የሚያቋርጥ የሕዝብ የእግር መንገድ ሞልቷል። ሰውን የሚያሳስተው «የሕዝብ» የሚለው ቃል ነው፤ የሕዝብ የሆነው ማለፉ እንጂ መሬቱ አይደለም። ስለዚህ ባለቤቱ እንዳታልፉ ሊከለክላችሁ አይችልም፤ ድንኳን ለመትከል ግን የእሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። በ2000 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) የወጣው ሕግም በካርታ በተለዩ ተራራማና ያልታረሱ ቦታዎች ከመንገድ ወጥቶ በእግር መንሸራሸርን ፈቀደ እንጂ ማደርን አልፈቀደም። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያለው ደጋማ አካባቢ ዳርትሙር ለየት ይላል፦ በ1985ቱ ሕግ መሠረት በጋራ ግጦሽ መሬቱ ላይ ድንኳን ተክሎ ማደር መብት መሆኑን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ 2025 አጽንቷል።

ስኮትላንድ ስትሻገሩ ነገሩ ይገለበጣል። በ2003ቱ ሕግ መሠረት ባልታጠረው አብዛኛው መሬት ላይ፣ ጥቂት ሆናችሁና ዱካ ሳትተዉ፣ ማንንም ሳታስፈቅዱ ታድራላችሁ። መኪና ውስጥ ማደር ግን በዚህ መብት አይሸፈንም።